ሜዳው አለ፤ ሰዓቱ ነው የጠፋው

ከወር በፊት ነው፣ ማክሰኞ። 10 ሰዓት ላይ 22 ልጆች የተቆለፈ በር ፊት ቆመዋል። ታኬታቸውን አስረዋል፣ ማሊያቸውን ለብሰዋል። ኳሱ አንዱ ልጅ ብብት ስር ነው። በሩ ላይ ትልቅ ጓንጉል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከፍርግርጉ ወዲያ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። አንድ ሰው የለበትም። መረቡ ከጎሉ ላይ እንኳን አልተነሳም።

ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ልጆቹን በስም በስማቸው ነው የሚጠሩት። "ዛሬማ ተይዟል ልጄ" አሉኝ። ማን ያዘው? ደብተሩን አወጡ። ጠርዙ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ነው፣ ውስጡ በእርሳስ ተጽፏል። ማክሰኞ በሚለው መስመር ላይ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቡድን ተመዝግቧል። ሠራተኞቹ ግን አልመጡም። ጥበቃው እንደነገሩኝ ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ስማቸው ደብተሩ ላይ እስካለ ድረስ ሜዳው የእነሱ ነው። ያለ አለቃ ፈቃድ በሩ ቢከፈት ደግሞ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። አልፈረድኩባቸውም።

ልጆቹ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የ11 ዓመቷ በረኛችን ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፣ እንደገና አወለቀች። "ኮች፣ እነሱ ካልመጡ እኛ ለምን አንገባም?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ስለ ልጆች ስፖርት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የገንዘብ ነገር ነው። በጀት የለም፣ ቦታ የለም፣ ስፖንሰር የለም። ታዳጊዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እኔም ይህንኑ ስደግም ነው የኖርኩት። ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከገንዘቡ በፊት ግን ያ ደብተር አለ። ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ሰው የሕዝብን ሀብት እያከፋፈለ ነው፤ ማንም ግን እንደዚያ አድርጎ አያየውም። ስለ በጀት ስብሰባ ይጠራል፣ ይከራከራሉ፣ ይጸድቃል። ስለ ሰዓት ስብሰባ ተጠርቶ ሰምቼ አላውቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው 9 ሰዓት ተኩል፣ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የቤት ሥራ አለበት፣ እራት አለ፣ ስለዚህ ምሽት 1 ሰዓት ላይ እቤቱ መሆን አለበት። እንግዲህ ለልጅ የሚሆነው ሰዓት በቀን 3፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ 15 ነው። ሌላው ሰዓት ለእሱ የለም ማለት ነው። ረፋድ ላይ ሜዳው ባዶ ነው ቢሉት እሱ ክፍል ውስጥ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ና ቢሉት ደግሞ የ9 ዓመት ልጁን የሚልክ ወላጅ የለም። አዋቂ ግን ማለዳም ይችላል፣ ማታም ይችላል፣ ፓውዛ ከበራለት እስከፈለገው ሰዓት ይጫወታል።

አሁን ሜዳውን እንከፋፍለው። ፊፋ ለትልልቅ ውድድር የሚመክረው ልክ 105 በ68 ሜትር ነው። በቁመትም በወርድም ለሁለት ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ሩብ 52 ሜትር ተኩል በ34 ይደርሳል። እንግሊዝ ውስጥ ትንንሾቹ ልጆች አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት ሜዳ ወደ 37 በ27 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ትልቅ ሜዳ ከነመተላለፊያው አራት የልጅ ሜዳ ይወጣዋል። በእያንዳንዱ ላይ 20 ልጅ ቢለማመድ በአንድ ጊዜ 80 ልጅ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢለማመድ በ15ቱ ሰዓት ውስጥ 400 ልጅ ይስተናገዳል። ያንኑ ሰዓት ለሁለት ለሁለት የአዋቂ ቡድን፣ ለ22 ለ22 ሰው ብንሰጠው፣ እነሱም በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጡ፣ 110 ሰው ነው የሚጫወተው። ልዩነቱ 290 ነው፣ ያውም አንድ ብሎኬት ሳይጨመር። ይህን ሒሳብ መጀመሪያ በወረቀት ስሠራው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ አባዛሁት።

የቤት ውስጥ አዳራሽም ያው ነው። ጀርመን አገር የተለመደ አንድ የአዳራሽ ዓይነት አለ። 45 በ27 ሜትር ሆኖ ከጣሪያ በሚወርድ መጋረጃ ለሦስት ይከፈላል። ጠዋት ሦስት ክፍል ተማሪ በአንዴ የስፖርት ትምህርት ይማርበታል፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ክለብ ልጆች ይገቡበታል፣ ቅዳሜ መጋረጃው ይነሳና 40 በ20 የእጅ ኳስ ሜዳ ይሆናል። አንድ ጣሪያ ነው፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው፣ ሥራው ግን የሦስት አዳራሽ። ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው። መጋረጃ እኮ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ትምህርት ቤቶች ጋ ስንመጣ ነገሩ ያማል። የብዙ ትምህርት ቤት ሜዳ ልክ ልጆቹ ነፃ በሚሆኑበት ሰዓት ይቆለፋል። 10 ሰዓት ላይ ልጁ ይወጣል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ልጁ መንገድ ላይ ይጫወታል። ርዕሰ መምህራንን ስታናግራቸው የሚያነሱት ነገር ግን እውነት አለው። ልጅ እግሩ ቢሰበር ማን ይጠየቃል? መስታወት ቢሰበርስ? የጥበቃውን ትርፍ ሰዓት ማን ይከፍላል? መጸዳጃ ቤቱን ማን ያጸዳል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይመልሱ "ክፈቱ" ብሎ መጮህ ለትምህርት ቤቱ አለማሰብ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤትና ከተማ አስተዳደር የጋራ አጠቃቀም ውል ይፈራረማሉ። ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ኢንሹራንሱ በማን ነው፣ የተሰበረውን ማን ይጠግናል የሚለው አንድ በአንድ ይጻፋል። ርዕሰ መምህሩ በግሉ እንዳይጠየቅ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው። በሩም የሚከፈተው ለዚያ ነው።

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ ልመለስ።

ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ፣ ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት። ካፒታሉ ይገነባል። መደበኛው አምፖል ይቀይራል፣ መረብ ይሰፋል፣ የውኃ ቧንቧ ይጠግናል፣ ደሞዝ ይከፍላል። ግንባታ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሱበታል። ለሚያፈስ ጣሪያ ጥገና ሪባን ሲቆረጥ ያየ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ይገነባና ይረሳል። በአምስተኛው ዓመት ፓውዛው ይጠፋል፣ በሰባተኛው ወለሉ ይነሳል፣ ከዚያ "አደገኛ ነው" ተብሎ ይዘጋል። አቴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦሎምፒክን ስታዘጋጅ ካስገነባቻቸው ስታዲየሞች ብዙዎቹ ከውድድሩ በኋላ ሣር በቅሎባቸው ቀርተዋል። ለንደን ደግሞ የ2012ቱን የውኃ ዋና ማዕከል ከውድድሩ በኋላ ለሕዝብ ከፈተችው፤ ኦሎምፒክ በተዋኘበት ገንዳ ውስጥ ዛሬ የሰፈር ልጆች ዋና ይማራሉ። ከውድድሩ በኋላ ማን እንደሚጠቀምበት ቀድሞ ማሰብ እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣል።

ሣርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የተፈጥሮ ሣር በሳምንት የሚችለው የተወሰነ ሰዓት እንደሆነ አይገባውም። ዝናብ ላይ ተረግጦ ካልተረፈ ወሩን ሙሉ ጭቃ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ብዙ ሰዓት ይችላል፣ ግን ዕድሜ አለው፤ ሲያልቅ ተነስቶ መቀየር አለበት፣ ፀሐይ ላይም በጣም ይግላል። የትኛውም ቢመረጥ የመቀየሪያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተቀመጠ ካልሄደ ሜዳው አንድ ትውልድ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ገንዘቡን በማስቀመጥ በኩል የሎስ አንጀለስ ነገር ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ኦሎምፒክ አተረፈ። ከትርፉ 40 በመቶው እዚያው ደቡብ ካሊፎርኒያ ቀረና ፈንድ ሆነ፣ ፈንዱ ዛሬም ኤልኤ84 ፋውንዴሽን ተብሎ ለልጆች ስፖርት ይሰጣል። ከ40 ዓመት በፊት የተገኘ ገንዘብ ነው እንግዲህ። ኖርዌይ ደግሞ በመንግሥት እጅ ያለው የሎተሪ ድርጅት ከሚያተርፈው 64 በመቶው ወደ ስፖርት ይሄዳል፣ ሜዳና አዳራሽም ይሠራበታል። በየዓመቱ የሚመጣ ገንዘብ ነው። አሠልጣኝ ሆነህ "የዘንድሮው በጀት ይለቀቅ ይሆን?" እያልክ በስጋት ስትኖር የዚህ ዋጋ ይገባሃል።

ሌላው የክፍያ ጉዳይ ነው። የሕዝብ ሜዳ ለልጆች ቡድን ሲከራይ ኪራዩን የሚሸፍነው ወላጅ ነው። መዋጮ እንሰበስባለን። ባለፈው ዓመት አንድ ፈጣን ልጅ ነበረኝ፣ ግራ እግር። በድንገት "እግሬን አሞኛል" ማለት ጀመረ። ለሦስት ሳምንት ዳር ተቀምጦ ኳስ አመላላሽ ሆነ። አራተኛው ሳምንት ላይ የልምምድ ሰደርያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በፌስታል አድርጎ አመጣልኝ። እግሩ ደህና ነበር። እናቱ መዋጮውን አልቻሉም፣ እሱ ደግሞ ይህን ከመናገር እግሩን ማሳመም መረጠ። እንደዚህ የሄደ ልጅ የትም አይመዘገብም። ቅሬታ አያቀርብም፣ ሰልፍ አይወጣም። ዝም ብሎ ይጠፋል።

ለዚህ ነው የሬይክያቪክ አሠራር ልቤን የነካው። ከተማዋ ለእያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ትመድባለች፣ የመዝናኛ ካርድ ይሉታል። ወላጁ ልጁ በመረጠው ክለብ ወይም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ላይ ያውለዋል። ገንዘቡ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል። አይስላንድ ይህን ያደረገችው ከሌላ ብዙ ነገር ጋር ነው፣ የወላጆች ስምምነት አለ፣ የማታ ሰዓት ገደብ አለ፣ የሠለጠኑ አሠልጣኞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች መካከል 42 በመቶው ባለፈው ወር ውስጥ ሰክረው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ሁሉንም ስፖርት ነው ያመጣው አልልም። ግን 10 ሰዓት ላይ የሚሄድበት ቦታ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ አንድ አይደሉም፣ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም።

ስለ ሴት ልጆች ሳልናገር አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው እዚያ አይደርሱም፤ ወንዶቹ 78፣ ሴቶቹ 85 በመቶ። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉኝ የማውቀውን እናገራለሁ። ደብተሩን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ለሴቶች የተሰጠው ሰዓት ወይ እሁድ ማለዳ ነው ወይ ሊጨልም ሲል። የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት የሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ ምን ያህል ጊዜ ትመላለሳለች?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ታይትል ናይን የሚባል ሕግ ወጣ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ይከለክላል። ብዙ ሰው ስለ ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ከሕጉ በኋላ በወጣው ደንብ ውስጥ ግን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የልምምድና የጨዋታ ሰዓት ድልድል ነው። መልበሻ ክፍሉና ሜዳውም እንደዚሁ። ደብተሩ ሕግ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሕጉ ሲወጣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉ ሴቶች 300,000 አይሞሉም ነበር፣ በኋላ ከ3 ሚሊዮን አለፉ። ቪየና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴት ልጆች 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከመናፈሻ ሜዳዎች እንደሚጠፉ አስተዋለች። ሁለት መናፈሻዎችን እንደገና ሠራች፣ ቦታውን ከፋፈለች፣ ከእግር ኳስ ሌላም መጫወቻ ጨመረች። ሴቶቹ ተመለሱ። አንድ በር ብቻ ያለው የታጠረ ሜዳ ላይ በሩን ይዘው የቆሙ ትልልቅ ወንዶች ካሉ ትንሽ ልጅ ለምን እንደማትገባ ማንም ሰው ቆሞ ካየ ይገባዋል።

ወደ እኛ በር ልመለስ። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አንድ ሳምንት በየቀኑ ከ10 እስከ 1 ሰዓት እየሄድኩ ቆጠርኩ። ሁለት ወላጆች ተራ ገቡልኝ። በየ30 ደቂቃው ሜዳው ላይ ማን እንዳለ ጻፍን። ከ15ቱ ሰዓት 6ቱ ተይዞ ባዶ ነበር። ማንም ክፉ ሰው የለበትም። አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም ማንም አልፋቀውም፣ ያ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ይዘን ከወላጆች ጋር ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው። የሳምንቱ የሰዓት ድልድል በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ያንብበው። ከያዘው ሰዓት 20 ደቂቃ ያሳለፈ ቡድን ለዚያ ቀን ተራውን ይልቀቅ፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ደግሞ ስሙ ይሰረዝ። ከ10 እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ መጀመሪያ ለልጆች ይታደል፣ የተረፈው ለአዋቂ ይሁን። አዋቂዎቹ እንዲባረሩ አልጠየቅንም። እነሱም መጫወት አለባቸው፣ የእኛ ልጆች አባቶችም አሉባቸው። ማታ ፓውዛ እንዲበራላቸው አብረን እንጠይቃለን ብለናቸው ተስማምተውልናል።

ካነጋገርኳቸው ሰዎች አንዱ "ሜዳውን ለልጆች በነፃ ከሰጠን ገቢያችን ይቀንሳል" አለኝ። ልክ ነው፣ ይቀንሳል። ሜዳው መደበኛ በጀት ከሌለው በኪራይ ነው የሚኖረው፣ በኪራይ ከኖረ ደግሞ ብዙ ለከፈለ ይሰጣል፣ ልጅ ብዙ አይከፍልም። ስለዚህ የልጆቹ ሰዓት ኪራይ ከሕዝብ በጀት ይሸፈን፣ በዝርዝር ተጽፎ፣ ስንት ሰዓት ለስንት ልጅ ተብሎ። ያኔ የሜዳው ኃላፊም አይጎዳም፣ እኛም ልመና አንወጣም።

እስካሁን ያገኘነው አንድ ነገር ነው። ለሙከራ በሚል የ20 ደቂቃው ሕግ ማክሰኞ ብቻ እንዲሠራ በቃል ተፈቅዷል። ባለፈው ማክሰኞ እንደገና በሩ ፊት ተደረደርን። በረኛዋ ጥበቃው አጠገብ ቆማ የእጅ ሰዓታቸውን ታያለች። "ጋሼ ስንት ሆነ?" "አስራ አምስት።" "አሁንስ?" "ልጄ፣ ታገሺ እንጂ፣ አስራ ስድስት።" 10 ሰዓት ከ20 ሲሆን ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ጓንጉሉ ዝጓል፣ ለመክፈት ሁለት ሦስት ጊዜ ታገሉት። ልጆቹ ግን ሳይከፈት ነው መጮህ የጀመሩት።

ሐሙስ አሁንም ዝግ ነው። ነገ የደብዳቤውን ቅጂ ይዤ ቢሮ እሄዳለሁ፣ የቆጠርንበትንም ወረቀት አብሬ።